የኮራል ሪፍ ዓሦችን ዕድሜና ዕድገት ከጆሮ ድንጋያቸው የማወቅ የአሠራር መመሪያ

በኮራል ሪፍ፣ ማለትም ኮራል ከሚባሉ የባሕር እንስሳት አጽም በተገነባ የባሕር ውስጥ ቋጥኝ ላይ የሚኖር 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አንድ ዓሣ በእጅዎ ቢገባ፣ ዕድሜው 4 ዓመት ሊሆን ይችላል፤ 34 ዓመትም ሊሆን ይችላል። ይህ ማጋነን አይደለም። በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ የሚኖሩ በርካታ የሰርጅንፊሽ ዝርያዎች ወደ ሙሉ መጠናቸው የሚደርሱት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ይህ ነው የሚባል ርዝመት ሳይጨምሩ 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራሉ። በምዕራብ አውስትራሊያ ከሮውሊ ሾልስ የተያዘና ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሚድናይት ስናፐር የተባለ አንድ ዓሣ 81 ዓመት የኖረ ሆኖ ተገኝቷል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ኢቪዮታ ሲጊላታ የተባለው ጥቃቅን የጎቢ ዝርያ አለ፤ የተመዘገበለት ረጅሙ ዕድሜ 59 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ በሪፍ ላይ ርዝመትን አይቶ ዕድሜ መገመት አያስኬድም። 35 ዓመት የኖረውን ዓሣ የ5 ዓመት ነው ብሎ የገመተ የዓሣ ሀብት አስተዳዳሪ፣ ለመተካት አሥርተ ዓመታት የሚፈጅበትን ክምችት ቶሎ የሚተካ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የሚፈቅደው የማጥመጃ መጠንም ከዚያው ስሕተት ይመነጫል።

ዕድሜውን የሚነግረን በዓሣው ራስ ቅል ውስጥ ያለው ኦቶሊት፣ ማለትም የጆሮ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በፕሮቲን መዋቅር ላይ በተደራረበ፣ በአብዛኛው አራጎናይት በሆነ ካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ ሲሆን፣ ዓሣው በሕይወት እስካለ ድረስ በላዩ ላይ አዲስ ንብርብር እየታከለበት ያድጋል። ቅርፊት ሊወልቅና በሌላ ሊተካ ይችላል፤ ጠርዙም በችግር ጊዜ በሰውነት ሊመጠጥ ይችላል። የጆሮ ድንጋይ ግን አንዴ የተቀመጠበትን ንብርብር መልሶ አይሰጥም። ንብርብሮቹ ድንጋዩ ሲቆረጥ ቀለበት መስለው ይታያሉ። በሞቃታማ ባሕር የውኃው ሙቀት ከወቅት ወቅት እምብዛም ስለማይለዋወጥ ዓመታዊ ቀለበት አይኖርም የሚል እምነት ለረጅም ጊዜ ሰፍኖ ነበር። ጆርጆ ፓኔላ እ.ኤ.አ. በ1971 በጆሮ ድንጋይ ውስጥ ዕለታዊ ቀለበቶች እንዳሉ አሳየ፤ ከዚያ በኋላ በተደረጉ የምልክት ሙከራዎች (በደረጃ 7 ይገለጻሉ) ደግሞ ብዙ የሪፍ ዓሦች ዓመታዊ ቀለበትም እንደሚሠሩ ተረጋገጠ። ይህ መመሪያ ሁለቱንም የቀለበት ዓይነቶች የማንበቢያ መንገድ ያሳያል፤ አጥብቆ የሚይዘው ግን አንድ ነገር ነው፦ የቀለበት ቁጥር እስኪረጋገጥ ድረስ ቁጥር እንጂ ዕድሜ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ናሙናውን ማቀድ

ከሁሉ አስቀድመው ሊመልሱት የሚፈልጉትን ጥያቄ ይወስኑ። የዓሣ ዕጮች ከእንቁላል ወጥተው ሪፍ ላይ እስኪሰፍሩ ስንት ቀን በክፍት ባሕር እንደሚቆዩ ማወቅ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሆኑ ግልገሎች ያስፈልጉዎታል። የሙሉውን ዕድሜ የዕድገት ኩርባ ለማውጣት ከሆነ ደግሞ ከትንሹ እስከ ትልቁ ሁሉም መጠን መወከል አለበት። በጦር ወይም በመንጠቆ ብቻ የተሰበሰበ ናሙና ግልገሎቹን ያስቀራል፤ ጉዳቱም ኩርባው በሚሰላበት ጊዜ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያሉበት አካባቢ የሚጠይቀውን ፈቃድ ያግኙ፤ ከሚያስፈልገው በላይ አይግደሉ። ዓሣውን በመጠን በተሰጠ ማደንዘዣ አደንዝዞ መግደል ለእንስሳውም ለሥራውም የተሻለ ነው።

ናሙናውን ከአንድ ቦታ ብቻ ሰብስቦ ስለ ዝርያው ሁሉ መናገርም አይገባም። የአንድ ዝርያ ዓሦች ማዕበል በሚመታው የሪፍ ፊትና ጸጥ ባለው ጀርባ የተለያየ የመጨረሻ መጠን ሊኖራቸው ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ዓሣ የተያዘበት ቦታ፣ ጥልቀትና ቀን ከዓሣው ጋር አብሮ መመዝገብ አለበት።

ደረጃ 2፦ መለካትና ድንጋዩን ማውጣት

ዓሣውን በበረዶ ይያዙት፤ ከመድረቁ በፊትም ይለኩት። የትኛውን ርዝመት እንደለኩ በግልጽ ይጻፉ፤ ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራቱ መንታ መገንጠያ የተለካና እስከ ጅራቱ ጫፍ የተለካ ቁጥር በአንድ ሰንጠረዥ ሊቀላቀሉ አይችሉም። ክብደቱንም ይመዝግቡ፤ ሆዱን ከፍተው የመራቢያ አካሉን በማየት ጾታውን ይለዩ። ግሩፐርና ፓሮትፊሽን በመሳሰሉ ጾታ በሚለውጡ ዓሦች ዓይን ብቻውን ስለሚያታልል፣ ከመራቢያ አካሉ ትንሽ ቁራጭ ለማይክሮስኮፕ ምርመራ ማስቀረት ይበጃል።

የጆሮ ድንጋዮቹ ሦስት ጥንድ ናቸው፤ ሳጂታ፣ ላፒለስና አስቴሪስከስ ይባላሉ። በአብዛኞቹ የሪፍ ዓሦች ትልቁ ሳጂታ በመሆኑ በአብዛኛው የሚነበበው እርሱ ነው። ለማውጣት ዓሣውን በሆዱ አስተኝተው ራሱን በአንድ እጅ አጥብቀው ይያዙ፤ ስለታም ቢላዋ ከዓይኖቹ በላይ አሳርፈው ወደ ኋላ በዝቅተኛ ዘዌ በመቁረጥ የራስ ቅሉን ክዳን ያንሡ። አንጎሉ ይታያል። አንጎሉን በቀስታ ገለል ሲያደርጉ፣ ከኋለኛው ክፍሉ በታች በግራና በቀኝ ባሉት ጎድጓዳ ቦታዎች ውስጥ ሁለቱ ድንጋዮች ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ በወረንጦ ጠርዛቸውን ሳይሆን ወገባቸውን ይዘው ያውጧቸው። የዓሣው ራስ እንዲበላሽ በማይፈለግበት ጊዜ ደግሞ የስንጥቡን ክዳን ገልጦ፣ ስንጥቡን ወደ ጎን አድርጎ ከራስ ቅሉ ሥር መግባት ይቻላል። ይህ መንገድ ልምድ ይጠይቃል፤ ከለመዱት በኋላ ግን ከመጀመሪያው ይፈጥናል።

ድንጋዩን የሸፈነውን ስስ ሽፋን በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ያስወግዱ፤ ካደረቁት በኋላ መለያ ቁጥር በተጻፈበት ፖስታ ወይም ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያስቀምጡት። ፎርማሊን የተባለውን የናሙና ማቆያ ፈሳሽ በፍጹም አይጠቀሙ። አሲድነቱ ያልተስተካከለ ፎርማሊን የካልሲየም ካርቦኔቱን ያሟሟዋል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ የውጪው ጠርዝ፣ ማለትም የዓሣው የመጨረሻ ወራት ታሪክ ነው። ጥቃቅን ግልገሎችን ሙሉ አካላቸውን በ95 በመቶ ኢታኖል ማቆየት ይቻላል።

ደረጃ 3፦ መመዝን

ያልተሰበረውንና የደረቀውን ድንጋይ እስከ 0.1 ሚሊ ግራም በሚለይ ሚዛን ይመዝኑት። ብዙዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል፤ መዝለሉ ያሳዝናል። የዓሣው ርዝመት ቆሞ እንኳ የድንጋዩ ክብደት መጨመሩን ስለሚቀጥል፣ ክብደቱ ከዕድሜ ጋር ያለው ዝምድና ከርዝመት ይልቅ የጠበቀ ነው። ንባቡ ሲያልቅ ክብደትንና ዕድሜን በአንድ ሥዕል ላይ ሲያስቀምጡ ከመስመሩ ርቆ የወጣ ነጥብ ካዩ፣ ወይ ቆጠራው ተሳስቷል ወይም ፖስታዎች ተለዋውጠዋል።

ደረጃ 4፦ ለዓመታዊ ቀለበት ድንጋዩን መቁረጥ

በአሮጌ ዓሣ ድንጋዩን ሙሉውን እንዳለ ማንበብ ዕድሜውን ያሳንሳል። ድንጋዩ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ወደ ጎን ማደጉን ይቀንስና በውስጠኛው ገጹ በኩል ብቻ እየወፈረ ስለሚሄድ፣ የኋለኞቹ ቀለበቶች ከላይ ሲታዩ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ። ስለዚህ ድንጋዩን ኢፖክሲ ሬዚን በተባለ የሚጠነክር ሙጫ ውስጥ ይቅበሩት፤ ሬዚኑ ሲጠነክር ዝቅተኛ ፍጥነት ባለው የአልማዝ ምላጭ መጋዝ፣ በመሃል ያለውን እምብርት አካቶ በአግድም ይቁረጡት። 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቁራጭ ለአብዛኞቹ ዝርያዎች ተስማሚ ነው። መቁረጥ ከመጀመርዎ በፊት እምብርቱ ያለበትን ቦታ በማይክሮስኮፕ ሥር አይተው በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። እምብርቱን ያልነካ ቁራጭ የመጀመሪያውን ቀለበት ሊያጣ ይችላል፤ ጉድለቱም ከቁራጩ ላይ ሁልጊዜ አይታወቅም።

ቁራጩን በማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ በሬዚን ለጥፈው በላዩ ላይ ስስ መሸፈኛ ያድርጉበት።

ደረጃ 5፦ ለዕለታዊ ቀለበት መሞረድ

የግልገል ድንጋይ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም ላይበልጥ ስለሚችል በመጋዝ አይቆረጥም። በሙቀት የሚለሰልስ ሙጫ በመስታወት ላይ አቅልጠው ድንጋዩን በላዩ ያጣብቁት፤ ሲቀዘቅዝ በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት ላይ ውኃ እያንጠባጠቡ ይሞርዱት። በ12 ማይክሮሜትር ቅንጣት ይጀምሩ፤ ወደ እምብርቱ ሲቃረቡ ወደ 3 ይውረዱ፤ በመጨረሻም ከ1 ማይክሮሜትር ባነሰ ቅንጣት ያለስልሱት። ከዚያ ሙጫውን አሙቀው ድንጋዩን ይገልብጡትና ከሌላው ወገን እስኪሳሳ ድረስ ይድገሙት።

እዚህ ላይ የሚፈለገው ትዕግሥት ነው። መስታወቱን በጣት ጫፍ ጫን ብለው አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ ያንሸራትቱ፤ ያንሡት፣ ያጥቡት፣ በማይክሮስኮፕ ይዩት፤ እንደገና ያንሸራትቱ። እምብርቱ ሲቀርብ መጀመሪያ የደበዘዘ ጥላ መስሎ ይታያል፤ ከዚያ ዙሪያው ያሉት ቀለበቶች አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ከዚህ በኋላ የሚደረግ ሁለት ተጨማሪ ማንሸራተት ሁሉንም ሊያጠፋው ይችላል። እኔም በጀመርኩበት ጊዜ እምብርታቸውን አልፌ የሞረድኳቸው ድንጋዮች ጥቂት አልነበሩም፤ ተመልሶ የሚስተካከል ነገር ስላልሆነ ዛሬም አዲስ ዝርያ ስይዝ ከምፈልጋቸው ዓሦች ውጪ ለልምምድ የሚሆኑ አስቀድሜ አዘጋጃለሁ።

ደረጃ 6፦ ማንበብ

ብርሃን ከሥር በሚመጣበት ጊዜ ድፍኑ ቀለበት ጠቆር ብሎ፣ ብርሃን አሳላፊው ደግሞ ፈካ ብሎ ይታያል፤ ብርሃኑ ከላይ ሲመጣ ግን ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ የትኛውን ብርሃን እንደተጠቀሙ ሳይጽፉ "ጥቁሩን ቀለበት ቆጠርኩ" ማለት ለሚከተለው አንባቢ ትርጉም የለውም። አንድ ድፍንና አንድ አሳላፊ ቀለበት በአንድ ላይ የአንድ ዓመት ምልክት ናቸው። በቁራጩ ላይ በውስጠኛው ገጽ ያለውን ቦይ መሰል ስርጉድ ተከትለው ከእምብርቱ ወደ ጠርዙ ይቁጠሩ፤ በአብዛኛው ቀለበቶቹ ጠርተው የሚታዩት በዚህ መስመር ነው። እውነተኛ ቀለበት ከስርጉዱ ወዲያና ወዲህ ይቀጥላል፤ በአንድ ቦታ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ መስመር ግን ሐሰተኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ቀለበት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ንብርብር ሰፊና በውስጡ ብዙ ደካማ መስመሮች ያሉበት ስለሆነ፣ አንባቢው በግምት ከጀመረ ስሕተቱ እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። መፍትሔው ሁለቱን የቀለበት ዓይነቶች ማጋጠም ነው፦ በጥቂት ወጣት ዓሦች ላይ ከእምብርቱ እስከ መጀመሪያው ድፍን ቀለበት ያሉትን ዕለታዊ ቀለበቶች ይቁጠሩ፤ ርቀቱንም በማይክሮሜትር ይለኩ። ይህ ርቀት በአሮጌዎቹ ዓሦች ላይ የመጀመሪያውን ቀለበት የሚፈልጉበት መለኪያ ይሆንልዎታል።

ለዕለታዊ ቀለበት ከ400 እስከ 1000 እጥፍ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕና የማይክሮስኮፕ ዘይት ያስፈልጋል። ዳምሰልፊሽና ራስ (wrasse) በሚባሉት ዓሦች ብዙ ዝርያዎች ግልገሉ ከባሕር መጥቶ ሪፍ ላይ በሰፈረበት ቀን አካባቢ የቀለበቶቹ ስፋት በድንገት ይለወጣል፤ ከእምብርቱ እስከዚህ ምልክት ያለው ቁጥር በክፍት ባሕር ያሳለፈውን ጊዜ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ በሪፍ ላይ የኖረውን ቀን ይሰጣል። ለምሳሌ 3 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተፈለፈለ ግልገል 24 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ተይዞ 48 ቀለበት ቢቆጠርለት፣ አማካይ ዕድገቱ በቀን 0.44 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ቀለበት በተፈለፈለበት ቀን ወይም ጥቂት ቀናት ዘግይቶ ሊጀምር ስለሚችል ግን ይህን ለዝርያው ማጣራት ያስፈልጋል። በብርሃን ማይክሮስኮፕ ከግማሽ ማይክሮሜትር በታች የተጠጋጉ መስመሮችን በእርግጠኝነት መለየት ስለማይቻል፣ ዕድገቱ በተዳከመ ዓሣ ላይ ዕለታዊ ቆጠራን መግፋት አይገባም።

እያንዳንዱ ቁራጭ የዓሣው ርዝመትና የተያዘበት ቀን በማይታይበት ሁኔታ፣ በዘፈቀደ ቅደም ተከተል፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በሳምንታት ልዩነት ይነበብ፤ ቢቻል ሁለተኛው ንባብ በሌላ ሰው ይሁን። ትልቅ ዓሣ መሆኑን የሚያውቅ ዓይን ብዙ ቀለበት ያገኛል። የንባቦቹ መራራቅ በቁጥር መገለጽ አለበት፦ አንዱ ንባብ 10፣ ሌላው 12 ቢሆን አማካዩ 11 ነው፤ እያንዳንዱ ከአማካዩ በ1 ስለሚርቅ አማካይ የመቶኛ ስሕተቱ 9.1 በመቶ፣ ኮኤፊሸንት ኦፍ ቬሪዬሽን የሚባለው (የንባቦቹ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ለአማካዩ ሲካፈል የሚገኘው) ደግሞ 12.9 በመቶ ይሆናል። በናሙናው ሁሉ የኋለኛው አማካይ ከ5 በመቶ በታች ሲሆን በመካከለኛ ዕድሜ ለሚኖሩ ዝርያዎች ንባቡ ጥሩ እንደሆነ ይወሰዳል። ያልተስማሙትን በሦስተኛ ንባብ ይፍቱ፤ የማይነበበውን ይጣሉ፤ ስንት እንደጣሉም ይጻፉ።

ደረጃ 7፦ ማረጋገጥ

ሁለት አንባቢዎች ፍጹም ተስማምተው ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ስምምነት የሚያሳየው ንባቡ መደጋገም መቻሉን ነው፤ አንድ ቀለበት አንድ ዓመት መሆኑን ግን አያሳይም። ይህን ለማሳየት ከሚሠራባቸው መንገዶች አስተማማኙ ኬሚካላዊ ምልክት ነው። በሕይወት ያለውን ዓሣ ይዘው ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደቱ 50 ሚሊ ግራም ኦክሲቴትራሳይክሊን በመርፌ ይስጡት፤ መለያ አድርገውበት ወደ ሪፉ ይመልሱት ወይም በውኃ ውስጥ አጥር ያቆዩት። መድኃኒቱ በዚያ ሰሞን በሚጨመረው ንብርብር ላይ ይቀመጣል። ከአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በኋላ ዓሣው ሲያዝ፣ ቁራጩ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ቢጫ አረንጓዴ መስመር ያበራል፤ ከመስመሩ ውጪ ያሉት ቀለበቶች ካለፉት ዓመታት ጋር እኩል ከሆኑ ማስረጃው ተገኝቷል። መስመሩ ብርሃን ሲበዛበት ስለሚደበዝዝ ቁራጮቹን በጨለማ ያስቀምጡ። ኦክሲቴትራሳይክሊን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በመሆኑም ይህ ዓሣ ለምግብ መዋል ስለሌለበት፣ ዓሣ በሚጠመድበት ቦታ ከመልቀቅዎ በፊት የአካባቢውን ደንብ ይጠይቁ።

ዓሣ መልሶ መያዝ በማይቻልበት ቦታ የጠርዝ ምርመራ ይሠራል። ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ናሙና ወስደው፣ ጠርዛቸው ድፍን የሆነባቸውን ቁራጮች ድርሻ በወር በወር ያሰፍራሉ፤ ድርሻው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ ብሎ ቢወርድ ቀለበቱ ዓመታዊ ነው። በአሮጌ ዓሣ ጠርዙ እጅግ ስስ ስለሆነ ውጤቱን በዕድሜ ክፍል ለይተው ይመልከቱ። በወጣቶቹ ላይ የተገኘውን ማስረጃ ሳያጣሩ ወደ አሮጌዎቹ መሳብ በዚህ ሥራ አዘውትሮ የሚታይ ጥፋት ነው።

ለረጅም ዕድሜ ደግሞ የኑክሌር ፍንዳታ ራዲዮካርቦን፣ ማለትም ካርቦን 14 የተባለው ራዲዮአክቲቭ የካርቦን ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በከባቢ አየር የተደረጉት ፍንዳታዎች በባሕር ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 ከፍ አድርገውታል፤ የጭማሪው ታሪክ በኮራል አጽም ውስጥ ዓመት በዓመት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተያዘ ዓሣ 38 ቀለበት ቢቆጠርለት የተወለደው በ1962 ነው ማለት ነው፤ እውነት ከሆነ የድንጋዩ እምብርት የያዘው ካርቦን 14 ጭማሪው ገና በመውጣት ላይ ከነበረበት ከዚያ ዘመን ኮራል ጋር መግጠም አለበት። ቆጠራው በብዙ ዓመት ቢሳሳት ነጥቡ ከኮራሉ መስመር ወደ ጎን ተንሸራቶ ይገኛል። መሣሪያው ውድ ነው፤ ለ30 እና ለ40 ዓመት ዕድሜ ግን ከዚህ የሚሻል ምስክር እምብዛም የለም።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ወደ ዕድሜ መለወጥ

ዝርያው በብዛት እንቁላል የሚጥልበትን ወቅት ይለዩና አንድ የልደት ቀን ይውሰዱ። የልደት ቀኑ ዲሴምበር 1 ቢሆንና ቀለበቱ በሴፕቴምበር የሚጠናቀቅ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ቀለበት የሚሠራው ዓሣው 9 ወር ሲሞላው ነው። በጁን የተያዘና 4 ቀለበት ያለው ዓሣ፣ አራተኛውን የሠራው በ3 ዓመት ከ9 ወሩ ስለሆነና ከዚያ ወዲህ ሌላ 9 ወር ስለኖረ፣ ዕድሜው 4 ዓመት ተኩል ይሆናል። ግማሽ ዓመት ለ20 ዓመት ዓሣ ኢምንት ነው፤ ዕድገት በሚፈጥንባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ግን ኩርባውን ያዛባል።

ደረጃ 9፦ የዕድገት ኩርባውን ማውጣት

በብዛት የሚሠራበት ሉድቪግ ፎን በርታላንፊ እ.ኤ.አ. በ1938 ያቀረበው ቀመር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ዓሣው ከመጨረሻው አማካይ ርዝመቱ የጎደለው በየዓመቱ በተመሳሳይ ድርሻ ይቀንሳል። የመጨረሻው አማካይ ርዝመት 300 ሚሊ ሜትር፣ የዕድገት መጠን መለኪያው በዓመት 0.5፣ ርዝመቱ ዜሮ ይሆን ነበር ተብሎ የሚሰላበት ዕድሜ ደግሞ ከዜሮ በታች 0.1 ዓመት የሆነለትን ዓሣ እንውሰድ። በ1 ዓመቱ 127፣ በ2 ዓመቱ 195፣ በ5 ዓመቱ 277፣ በ10 ዓመቱ 298 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ1 ዓመቱ የጎደለው 173፣ በ2 ዓመቱ 105 ነው፤ ጉድለቱ በየዓመቱ በ39 በመቶ ይቀንሳል። ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ባለው ጊዜ የሚጨምረው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ከርዝመት ወደ ዕድሜ የሚወስደው መንገድ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።

ሦስቱን መለኪያዎች አር (R) በተባለው ነፃ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቀጥተኛ ባልሆነ የስሌት ዘዴ ማግኘት ይቻላል። ውጤቱን ከመቀበልዎ በፊት ግን ሦስተኛውን መለኪያ፣ ማለትም ርዝመቱ ዜሮ ይሆን ነበር የሚባልበትን ዕድሜ ይመልከቱ። ከዜሮ በታች 3 ወይም 4 ዓመት ከሆነ ኩርባው የግልገሎችን ዕድገት አልያዘም ማለት ነው፤ በደረጃ 1 የተጠቀሰው የግልገሎች እጥረት እዚህ ራሱን ይገልጣል፣ የዕድገት መለኪያውም ከእውነቱ በታች ይወጣል። ግልገሎች ማግኘት ካልተቻለ ኩርባው ዓሣው በሪፍ ላይ ሲሰፍር ባለው የታወቀ ርዝመት እንዲያልፍ ማስገደድ ይቻላል፤ ይህን ማድረግዎንም ይግለጹ።

ቦታዎችን ወይም ጾታዎችን ሲያወዳድሩ የመጨረሻውን ርዝመትና የዕድገት መለኪያውን ለየብቻ አያወዳድሩ፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ስለሚቀንስ የሁለቱ የ95 በመቶ መተማመኛ ክልል በአንድነት መታየት አለበት። ከሴትነት ወደ ወንድነት በሚለወጡ ዝርያዎች ወንዶቹ ትልልቅ ሆነው መገኘታቸው ፈጥነው ለማደጋቸው ማስረጃ አይሆንም፤ ትናንሾቹ ወንዶች ከናሙናው የጎደሉት ቀድሞ ሴቶች ስለነበሩ ነው። የሁለቱን ጾታ ኩርባ ለይቶ ከማስላት በፊት ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

ዕድሜያቸው ከታወቀ ዓሦች ቁጥር በየዓመቱ የሚሞተውንም መገመት ይቻላል። በማጥመጃው ሙሉ በሙሉ ከሚያዙበት ዕድሜ ጀምሮ የዓሦቹን ቁጥር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ከዕድሜ ጋር ሲያሰፍሩት መስመሩ የሚወርድበት መጠን የሞት መለኪያው ነው፤ 0.2 ቢሆን በየዓመቱ 82 በመቶ ያህሉ በሕይወት ይተርፋል።

ደረጃ 10፦ ማስቀመጥ

ከጥንዱ አንዱን ድንጋይ ሳይቆርጡ ያስቀሩ። የተቆረጠውን ቁራጭ፣ ፎቶግራፉንና ቀለበቶቹ የተቆጠሩበትን ነጥብ በነጥብ ምልክት አብረው ያኑሩ፤ ፖስታው ላይ የዝርያው ስም፣ የዓሣው መለያ ቁጥር፣ ቦታውና ቀኑ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ አንባቢ ያንኑ ድንጋይ አውጥቶ፣ እርስዎ የመጀመሪያው ቀለበት ያሉትን በጣቱ አመልክቶ፣ መስማማቱን ወይም አለመስማማቱን መናገር መቻል አለበት።